አበበ ለማ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የት ይገባል?

የመጀመሪያ ጽሑፌን ለአንድ የጥናት መጽሔት ልኬ፣ ከወራት ጥበቃ በኋላ የመጣልኝ መልስ ስለ ጥናቱ አንድም ነገር አይልም ነበር። የሚለው «በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱ ዘጠኝ ሥራዎች በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ አልተገኙም» ነው። ደነገጥኩ። ሁሉም አሉ እኮ፤ እኔው ነኝ አንድ በአንድ የጻፍኳቸው። ቁጭ ብዬ ሳመሳክር ነው ነገሩ የገባኝ። ጽሑፉ ውስጥ፣ ስሙ አበበ ለማ ነው እንበል፣ «አበበ» እያልኩ የጠቀስኩትን ሰው ዝርዝሩ ላይ «ለማ፣ አ.» አድርጌዋለሁ። አንባቢው «አ» ላይ ሄዶ ይፈልገዋል፣ ሰውየው ግን «ለ» ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ጓደኞቼን ረቂቅ አይቻለሁ። የማስተርስ ተማሪም ይሁን ዶክትሬቱን የጨረሰ፣ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚሁ አካባቢ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለሌላ ዓይነት ስም፣ ለሌላ ዘመን አቆጣጠር፣ ለሌላ ፊደል ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርሱ ይጎረብጣሉ። ስለዚህ ጠቅላላውን ነገር ቶሎ ቶሎ ልለፍና እኛን የሚመለከተው ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ዋቢ የሚለው ቃል በአማርኛ ዋስ፣ መከታ ማለት ነው። የምትሉት ነገር እውነት መሆኑን የሚቆምላችሁ ሰው ማለት ነው። ዋስ ደግሞ ሲፈለግ መገኘት አለበት፤ አድራሻው የማይታወቅ ዋስ ምን ያደርጋል? የዋቢ አጻጻፍ ሕግ ሁሉ፣ ነጥቡ፣ ቅንፉ፣ ሰያፍ ፊደሉ፣ የተፈጠረው ለዚህ ነው። አንባቢው ዋሳችሁን ፈልጎ እንዲያገኝ። ሰው ሰፈራችሁን ሲጠይቃችሁ «ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊው በር» እንደምትሉት ነው። አንዱ ምልክት ከተሳሳተ እንግዳው የሰው በር ሲያንኳኳ ይውላል።

አድራሻው ሁለት ቦታ ነው የሚጻፈው። አንዱ ጽሑፉ ውስጥ፣ ሐሳቡን በወሰዳችሁበት ዓረፍተ ነገር ላይ የምታስቀምጡት አጭር ምልክት ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ ያለው ሙሉ ዝርዝር ነው። ሁለቱ የበርና የቁልፍ ያህል መግጠም አለባቸው። ጽሑፉ ውስጥ ያለ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ይኑር፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ ይጠቀስ። ያነበባችሁት ግን ያልጠቀሳችሁት መጽሐፍ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዘይቤዎቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ ዘራቸው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ስምና ዓመት የሚጽፈው ነው። ጽሑፉ ውስጥ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት በቅንፍ ታስገባላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይደረደራል። የዚህ ልማድ መነሻ ብዙ ጊዜ ኤድዋርድ ማርክ ለሚባል የሃርቫርድ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ይሰጣል፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ነው የተጠቀመበት። «ሃርቫርድ ስታይል» የሚባለው ከዚያ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሃርቫርድ አንድ ወጥ ኦፊሴላዊ መመሪያ የለውም። ዩኒቨርሲቲውም መጽሔቱም የየራሱን መልክ ይሰጠዋል። ስለዚህ መጽሔቱ «ሃርቫርድ ተጠቀሙ» ካለ፣ ናሙናውን ከራሱ ከመጽሔቱ ገጽ ውሰዱ። ኤፒኤ ግን አንድ መጽሐፍ አለው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ነው የሚያወጣው፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰባተኛው እትም ነው። አማካሪያችሁ የተማሩት በስድስተኛው ከሆነ አንዳንድ ነገር ይለያያል። ለምሳሌ በሰባተኛው እትም ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ጽሑፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ደራሲ ብቻ ጠርታችሁ «እና ሌሎች» ማለት ነው። የማተሚያ ከተማውን ስም መጻፍም ቀርቷል።

ሁለተኛው ዘር በቁጥር የሚሄደው ነው። መጀመሪያ የተጠቀሰው 1፣ ቀጥሎ የመጣው 2 ይሆናል፤ ያው ሥራ በኋላ ሲደገም የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩም በፊደል ሳይሆን በዚያው ቅደም ተከተል ነው። የሕክምና መጽሔቶች የሚወዱት ቫንኩቨር ይህ ነው። ስሙ የመጣው በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው አንድ ወጥ አጻጻፍ ስለተስማሙ ነው። ኢንጂነሮች የሚጠቀሙበት አይትሪፕልኢም ቁጥር ነው፣ በማዕዘን ቅንፍ። ሦስተኛው የግርጌ ማስታወሻ ነው። ታሪክና ሕግ የሚጽፉ ሰዎች ያውቁታል፤ የቺካጎ መመሪያ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

የቱን ልጠቀም ብላችሁ አትጨነቁ። የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። መጽሔቱ «መመሪያ ለደራሲዎች» የሚል ገጽ አለው፤ መጻፍ ሳትጀምሩ እሱን አንብቡ። ከዚያ መጽሔቱ በቅርቡ ያወጣውን አንድ ጽሑፍ አውርዱና የዋቢ ዝርዝሩን አትማችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። መመሪያው ያልነገራችሁን ያ ናሙና ይነግራችኋል።

አሁን ወደ አበበ ለማ ልመለስ።

እነዚህ ዘይቤዎች ሁሉ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። የቤተሰቡ ስም ይቀድማል፣ የራሱ ስም በአንድ ፊደል ያጥራል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ራሱ አበበ ነው፤ ለማ አባቱ ነው። ሰውየውን ማንም «ለማ» ብሎ አይጠራውም። «ዶክተር ለማ» ተብሎ ቢጠራ አባቱ የተጠሩ መስሎት ዞር ይላል። እህቱ ሠናይት ለማ ተመራማሪ ብትሆን «ለማ፣ ሠ.» ትሆንና የሁለቱም ሥራ በአባታቸው ስም ይደረደራል። ያ እርሻ ላይ የኖረ፣ የጥናት መጽሔት በእጁ ነክቶ የማያውቅ አባት በስንት ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀስ፣ ለሊቱን ሙሉ መረጃ ሲለቅም ያደረው ልጁ «አ.» ሆኖ ይቀራል። እኔ ይሄ ነገር ያመኛል። ስም ነውና።

ስሜቱን ብንተወው እንኳ ሥራው ላይ ጉዳት አለው። ተስፋዬ፣ ታደሰ፣ ግርማ፣ በቀለ፣ ዓለሙ የሚባሉ አባቶች ስንት ናቸው? «ታደሰ መ.» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የብዙ ሙሉጌታና መሠረት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ፓስፖርታችን ላይ የአያት ስም አለ። አንዱ መጽሔት የፓስፖርቱን ስም ተከትሎ አበበ ለማ ወርቁን «ወርቁ አ. ለ.» ይለዋል። ሌላው «ለማ አ.» ይለዋል። አገር ውስጥ የሚታተመው «አበበ ለማ» ይለዋል። አንድ ሰው ሦስት ሆነ ማለት ነው፤ በየዳታቤዙ ሥራው ለሦስት ተከፋፈለ።

የባሰው ደግሞ ጥንድ ስም ላይ ነው። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሥላሴ አንድ አንድ ስም ናቸው። «ገብረ» ብቻውን ስም አይደለም፣ ዘርፍ ፈላጊ ነው፤ የማን ገብር እንደሆነ ካልተነገረ ቃሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዋቢ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር ግን ክፍት ቦታ ባየበት ይቆርጣል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን ስታስገቡለት «ማርያም፣ አ. ታ. ገ.» አድርጎ ያወጣላችኋል። ማዕረጋቸው ስም ሆነ፣ የአባታቸው ስም ተሰነጠቀ፣ ደራሲዋ እመቤታችን ሆነች። ሳቅ የሚያስመጣ ቢመስልም ብዙ የታተመ ጽሑፍ ላይ ያለ ስሕተት ነው፤ ዛሬ አንድ ተማሪ የአለቃን ሥራ ሊፈልግ ቢነሳ በዚህ አድራሻ አያገኘውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ አቋም ይሄ ነው። መጽሔቱ ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚያውቅ ከሆነ ስሙን ሳትገለብጡ፣ ሳታሳጥሩ «አበበ ለማ» ብላችሁ «አ» ላይ አስገቡት፣ ጽሑፉም ውስጥ «አበበ (2013)» በሉ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን የሚያስገባው በራሳቸው ስም ተራ ነው። አብዛኞቹ አይስላንዶችም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ አገራቸው ውስጥ የሚደረደሩት በራሳቸው ስም ነው። አሳታሚዎች ጽሑፍን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጁበት ጃትስ የሚባል ደረጃ አለ፤ ለስም ዓይነት ከሚሰጣቸው አማራጮች አንዱ ለአይስላንድ ስም የተሰየመ ነው። 400 ሺሕ ለማይሞላ ሕዝብ ማለት ነው። ከመቶ ሚሊዮን ለምንበልጠው ለእኛ በስማችን የተሰየመ የለም፤ ግን ያው አማራጭ መኖሩ ነገሩ በቴክኒክ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል። አርታኢውን ማስረዳት ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

መጽሔቱ እምቢ ካለ፣ ብዙ የሕክምናና የሳይንስ መጽሔት እምቢ ይላል፣ ያን ጊዜ የአባትን ስም አስቀድሙ። ግን ሁሉንም ኢትዮጵያዊ በአንድ ዓይነት። ግማሹን በስሙ፣ ግማሹን በአባቱ ስም ማድረግ ነው ትልቁ ጥፋት፤ የእኔም ጽሑፍ እንዲመለስ ያደረገው እሱ ነው። ጥንዱን ስም ደግሞ በምንም ዓይነት አትሰንጥቁት። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ አያይዛችሁ አንድ ቃል አድርጉት። አማርኛ ላይ የለመድናት «ገ/ማርያም»፣ «ወ/ጊዮርጊስ» የምትለዋ አጻጻፍም ለመዝገብ ትሁን እንጂ ለዋቢ አትሆንም፤ ያቺ ሰረዝ ዳታቤዝ ውስጥ ስትገባ ስሙን ታበላሸዋለች። ሙሉውን ጻፉ። ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ መምህር የሚባሉትንም ከዝርዝሩ አውጡ። አለቃ ወይም ብላቴን ጌታ የሚለው ግን ሰውየውን ለመለየት የሚረዳ ከሆነ ከስሙ በኋላ ከነጠላ ሰረዝ ቀጥሎ ይቀመጥ፤ «ታዬ ገብረ ማርያም፣ አለቃ» እንደማለት።

አሜሪካ ወይ አውሮፓ ተወልዶ ያደገ ሀበሻ ደራሲ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በሕግ የቤተሰብ ስም ሆኖለት ይሆናል። ደራሲው ራሱን እንዴት እንደሚጠራ ከራሱ ጽሑፍ እዩና እሱን ተከተሉ። በእኛ ልማድ አስገድዳችሁ አትገልብጡት።

የራሳችሁን ስም በተመለከተ ደግሞ ገና የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ሳትልኩ ወስኑ። የማስገቢያ ቅጹ ላይ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይመጣሉ፣ ሁለተኛውን ባዶ አያሳልፍም። የአባት ወይስ የአያት? ታዬ ብላችሁ ነው ወይስ ታየ የምትጽፉት፣ ሠናይትስ በእንግሊዝኛ በስንት ፊደል ነው? አንዱን ምረጡና ዕድሜ ልክ አትቀይሩት። ከዚያ ኦርኪድ አውጡ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው፣ በነጻ ነው፣ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ስም ቢምታታ ቁጥሩ አይምታታም።

ከስም ቀጥሎ የሚያስቸግረው ዓመት ነው።

በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 1958 ዓ.ም. ይላል። የሀዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ለምሳሌ በዚያ ዓመት ነው የወጣው። ለእንግሊዝኛ መጽሔት ስትጽፉት ስንት ትላላችሁ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ 8 ይደምርና 1966 ይላል። ሌላው 7 ይደምርና 1965 ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የታተመ ከሆነ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ነው። ወሩ መጽሐፉ ላይ ካለ አስሉት። ከሌለ አትገምቱ። «1965/66» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች የሚያውቁት ልማድ ነው፣ ቦታ ካላችሁም ከጎኑ «1958 ዓ.ም.» ጨምሩበት። መጽሐፉን በላይብረሪ የሚፈልገው ሰው ሽፋኑ ላይ የሚያየው 1958ን ነውና።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል። ዝርዝራችሁ ውስጥ የአማርኛውም የውጭውም መጽሐፍ ይኖራል። አንዱ 2005፣ ሌላው 2010 ይላል። የቱ ይቀድማል? 2005ቱ ዓ.ም. ከሆነና 2010ሩ እ.ኤ.አ. ከሆነ፣ 2005ቱ ነው አዲሱ። ስለዚህ ከሁለት አንዱን አድርጉ። ወይ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጻፉ፣ ወይ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው» ብላችሁ የውጭዎቹን ብቻ ለዩ። ምንም ሳይሉ ማደባለቅ ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሕግ የምትጠቅሱ ሰዎች ይሄን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት አምድ ነው የሚታተመው። የአማርኛው አምድ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲል የእንግሊዝኛው 1156/2019 ይላል። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 1/1987፣ በእንግሊዝኛ 1/1995 ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ 2011 አንዴ 2019 ስትሉ የውጭ አገር ገምጋሚው ሁለት አዋጅ ያለ ይመስለዋል፤ ቢመስለውም አልፈርድበትም። የጽሑፉን ቋንቋ የሚከተለውን ያዙና በዚያው ጨርሱ።

መሥሪያ ቤት ደራሲ ሲሆንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ1999ኙን ሕዝብና ቤት ቆጠራ ወይም የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የማይጠቅስ የኢትዮጵያ ጥናት ስንት ነው? ያኔ የነበረው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል። ስትጠቅሱ ሰነዱ ላይ ያለውን የያኔውን ስም ጻፉ። አድራሻው እሱ ነው። ስሙን ደግሞ ሙሉውን አንድ ላይ አስገቡት፤ ካልሆነ ሶፍትዌሩ መሥሪያ ቤቱን እንደ ሰው ቆጥሮ «ኤጀንሲ፣ ማ. ስ.» ያደርገዋል።

ስለ ፊደሉ አጠር አድርጌ ልበል። በግዕዝ ፊደል የታተመን ሥራ ለእንግሊዝኛ መጽሔት ስትጠቅሱ ርዕሱን በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ታስከትላላችሁ። ኤፒኤ የሚለውም ይሄንኑ ነው። ትርጉሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም። በትርጉሙ የሚፈልገው ሰው መጽሐፉን የትም አያገኘውም፣ በዚያ ርዕስ የታተመ መጽሐፍ የለማ። የላቲን አጻጻፋችሁም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፀሐይን አንድ ቦታ በአንድ መልክ፣ ሌላ ቦታ በሌላ መልክ አትጻፉ። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ላይ ሽፋኑ ላይ ያለውን ተከተሉ። ደራሲው ሠናይት ብላ ከጻፈች «ሰናይት» ብላችሁ አታርሟት። ፊደል ተራው ላይ ሠ ከረ በፊት ነው፣ ሰ ከረ በኋላ፤ ቦታዋ ይቀየራል።

ይሄን ሁሉ በእጅ አትሥሩት። ዞተሮ የሚባለውን ዋቢ የሚሰበስብና የሚደረድር ነጻ ፕሮግራም አውርዱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተጀመረው። ሜንደሌይም ኤንድኖትም አሉ፣ እኔ ግን ዞተሮን የምመክረው ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ ግዕዝ ፊደልም ያለ ችግር ስለሚቀበል ነው። ለእኛ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው። የደራሲው ስም ጎን ያለችውን ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ የስም ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። «አበበ ለማ»ን እዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ ስታስገቡት ሶፍትዌሩ አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም፣ «አ» ላይ ይደረድረዋል። መሥሪያ ቤቶችንም በዚሁ አስገቡ። ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የምትጽፉ ከሆነ ስሙን በድርብ ቅንፍ ውስጥ አድርጉት፤ ያው ውጤት ነው። ይቺን ቁልፍ ባውቅ ኖሮ ያን ጊዜ ሁለት ሌሊት አላቃጥልም ነበር።

ፕሮግራሙ ግን ከኢንተርኔት ያገኘውን ነው የሚያመጣው። ርዕሱ በሙሉ በትልቅ ፊደል መጥቶ ይሆናል፣ ቅጹ ቀርቶ ይሆናል፣ የጥር እትም ዓመት ተሳስቶ ይሆናል። እያንዳንዱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር አይታችሁ አስተካክሉ። አንዴ ካስተካከላችሁት ለሚቀጥሉት አሥር ጽሑፎች ይሆናል፤ መጽሔት ብትቀይሩም ዘይቤውን በአንድ ጠቅታ ነው የሚለውጠው። በተለይ በቁጥር በሚሄደው ዘይቤ መሐል ላይ አንድ ዋቢ ስትጨምሩ ከዚያ ወዲህ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይሸሻሉ፤ በእጅ ማስተካከል የስሕተት መግቢያ በር ነው። ለመጽሔቱ ስትልኩ ግን ቅጂ አውጡና ቅጂው ላይ ዋቢዎቹን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ ፍቱት፣ ዋናውን ለእርማት ለራሳችሁ አስቀሩ።

ዲኦአይ ያለው ሥራ ሁሉ ዲኦአዩ ይጻፍ። ዲኦአይ ማለት በ10 የሚጀምረው፣ የአንድ ጽሑፍ ቋሚ መለያ የሆነው ያ ረጅም ቁጥር ነው። ድረ ገጹ ቢቀየር እንኳ ቁጥሩ ወደ ጽሑፉ ይመራል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጥቅስ የሚቆጥሩት ሥርዓቶች ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይዘው ማገናኘት ስለሚችሉ፣ አበበ ለማ በየትኛውም መልክ ቢጻፍ ጥቅሱ ለራሱ ይደርሰዋል። የአገር ውስጥ መጽሔቶች የቆዩ እትሞች ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ያን ጊዜ ቅጽ፣ ቁጥርና ገጽ ሳይጎድል ጻፉ። ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ደረጃውን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ከተቻለም የሚገኝበትን ማከማቻ ሊንክ አስገቡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ማከማቻ አለው፤ እዚያ ፈልጉት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። አንድ ደራሲ የሌላውን ሐሳብ ጠቅሶ ካያችሁና ዋናውን ካላገኛችሁ፣ «እገሌ በእገሌ እንደተጠቀሰው» በሉና ዝርዝሩ ላይ ያነበባችሁትን ብቻ አስገቡ። ዋናውን እንዳነበባችሁ አስመስሎ መጻፍ የመጀመሪያው ሰው የሠራውን ስሕተት ከነነጥቡ መውረስ ነው። የተሳሳተ የገጽ ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ማንም ዋናውን አልከፈተውም። አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች ዋቢ ስጡኝ ሲባሉ አንዳንዴ የሌለ ጽሑፍ ፈጥረው ይሰጣሉ። ደራሲው እውነተኛ፣ መጽሔቱ እውነተኛ፣ ጽሑፉ ግን ተጽፎ የማያውቅ። ያልከፈታችሁት ዋቢ ዝርዝራችሁ ውስጥ አይግባ። ገምጋሚ አንዷን ቢይዝ የሌሎቹን ሐቀኝነት ማን ያምናል?

ከመላካችሁ በፊት ዝርዝሩን አትሙና ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ስታነቡ ያገኛችሁትን እያንዳንዱን ስም ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘ ካለ ወይ ይጠቀስ ወይ ይውጣ። ዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ ካለ ይጨመር። ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው።

ለአርታኢው በምትጽፉት ደብዳቤ መጨረሻ ላይም ይሄን የመሰለ አንቀጽ ጨምሩ፦ «በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎች የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። በአገራቸው ልማድ መሠረት በራሳቸው ስም ሳይገለበጡ ተዘርዝረዋል። የመጽሔቱ ዘይቤ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።» መጽሔቱ በሚታተምበት ቋንቋ ተርጉሙት። እኔ ከዚያ ወዲህ ከላክሁላቸው መጽሔቶች ሁለቱ ፈቀዱ፣ አንዱ ለምን እንደሆነ ጠይቆ ካስረዳሁት በኋላ እሺ አለ፣ አንዱ እምቢ አለ። እምቢ ላለው ዞተሮ ውስጥ ሳጥኖቹን መልሼ ለሁለት ከፍዬ ላክሁለት።